ወይዘሮ ሲሚንቶ የማትስቅበት ምክንያት

በከተማው አውቶብስ ድርጅት ግቢ ውስጥ «ሲሚንቶ መጣች» ከተባለ ጭነት መኪና የሚጠብቅ ሰው የለም። ሲሚንቶ ማለት ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው የቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ ናት። ስሙን ያወጡላት ሹፌሮች ናቸው። ሹፌር መታጠፊያ ይሳሳታል እንጂ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም።

ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ሹፌሩ አጥፍቶ ይገባል፣ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያስቃቸዋል፣ እሳቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ሂድ ከፊቴ!» ይሉታል፣ እሱም ይሄዳል። በሳምንቱ ያንኑ ያጠፋል። እሷ ስትሾም ይህ ሁሉ ቀረ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ጥርስ የማያስከድኑትን ጨዋታ አዋቂዎቻቸውን እየመረጡ ላኩባት። ወይ ፍንክች!

አንዱ ለምሳሌ አርባ ደቂቃ ዘግይተሃል ተብሎ ቀረበ።

«ለምን ዘገየህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። አንዲት ተሳፋሪ ጎረቤቷ ከባሏ ጋር እንዴት እንደተጣላች ታወራለች። ጣቢያ ደረስኩ፣ በር ከፈትኩ፣ ወራጅ የለም! ‹ወሬው ሳያልቅ የት እንወርዳለን? አንዴ አደባባዩን ዙርልን› አሉኝ። ዞርኩ።»

«አንዴ?»

«አራቴ። መጨረሻ ላይ ታረቁ፣ እኔም እፎይ ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ እስክሪብቶ የወደቀበት መስሎ ጠረጴዛ ሥር ገባና እዚያው በሳቅ ፈረሰ። ሲሚንቶ ግን ሹፌሩን ትክ ብላ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ብድግ አለች። «ጉዳዩ ለአምስት ደቂቃ ተቋርጧል» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሹፌሩ የስንብት ደብዳቤውን ልታስጽፍ የሄደች መስሎት ወንበሩ ላይ ደረቀ። ስትመለስ ግን የሦስት ቀን ደመወዝ ብቻ ቀጥታው ሸኘችው። እሱም «በሕይወት ወጣሁ» እያለ ለጓደኞቹ አወራ።

አይ ሰው! ሰው የሚያየውን ብቻ ነው የሚያወራው። ሴትዮዋ የሄደችው መጸዳጃ ቤት ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ደብዳቤ ሳይሆን በአራት የተጣጠፈ ፎጣ ነው ያለው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሲሚንቶ ኮስታራ ሆና አታውቅም። በተፈጥሮዋ ሳቅ የሚቀድማት ሴት ናት። ነገር ግን ከሳቀች ሽንቷ ያመልጣታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የጀመራት ሦስተኛ ልጇን፣ ትንሿን ሴት ልጇን፣ ሁለት ቀን አምጣ ከወለደች ወዲህ ነው። ስታስል ጠብ ይላል። ስታስነጥስ ጠብ ይላል። ባልዲ ስታነሳ ጠብ ይላል። ስትስቅ ግን ጠብ ማለት ብቻ አይደለም። ያወቀችው የባሏ ታላቅ ወንድም ቤት፣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። ባሏ አንድ ነገር ቀለደ፣ ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ወዲያው ከሥሯ ሞቃት ነገር ተሰማት። የተቀመጠችበት ሶፋ ነጭ ነው። ምን ታድርግ? ፊቷ ያለውን የውሃ ማሰሮ አንስታ ጭኗ ላይ ደፋችው። «ውይ! ውይ!» ተባለ፣ ፎጣ መጣ። ባሏም «የኔ ሚስት ስትስቅ እጇ ይዝላል» ብሎ ሰዉን እንደገና አሳቀው። እዚያው፣ እርጥቡ ሶፋ ላይ፣ ሁለተኛ ሰው ፊት ላልስቅ ብላ ማለች።

ለባሏ ለምን አልነገረችውም ትሉ ይሆናል። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሆዱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሆዱ ውስጥ ምንም ነገር አያድርም። የገዛ ኪንታሮቱን እንኳ ከሐኪሙ በፊት የሰሙት ደንበኞቹ ናቸው። ዛሬ የነገረችው ነገ ሦስቱም የሱቁ ወንበሮች ላይ ይወራል፤ ከነገ ወዲያ ሹፌሮቹ ጋ ይደርሳል። ሹፌርም ፀጉሩን ይቆረጣል እኮ! ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ለሌላው ሰው ሲሆን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ትመክር ነበር። ምክር ለሰው ቀላል ነው።

ቤት ውስጥ ነገሩ ከቢሮው ይከፋ ነበር። ቢሮ ያለው ሹፌር ነው፤ ቤት ያለው ግን ያገባችው ሰው ነው። ያገባችው ደግሞ በመልኩ አይደለም፣ መልኩን ተዉት፤ ስላሳቃት ነው። ገበታ ላይ አንድ ነገር ሲጀምር ገና ከአፉ ሳይወጣ የሚመጣባትን ታውቀዋለች። እግሯን ታጣምራለች፣ የሞቱ ዘመዶቿን በየተራ ታስታውሳለች፣ ካልሆነም «ድስቱ አረረ!» ብላ ተነስታ ትሮጣለች። ምድጃው ላይ ድስት ይኑር አይኑር ግድ የላትም። እሱም አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

መጀመሪያ ደክሟት ነው አለ። ቀጥሎ ሹመት ነው አለ። ከዚያ ምንም ሳይል ቀረ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ መቀለዱን ተወው፤ ቀልዱን ሱቁ አውሎ ቤቱ ዝምታውን ብቻ ይዞ ይገባ ጀመር። «ጨው አቀብይኝ»፣ «ልጅቷ ተኛች?»፣ «መብራቱን አጥፊው»። ይኸው ነው ጨዋታቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር። እሷ አንጀቷ እያረረ ታየዋለች። ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ቀልዶ፣ እሷ ስቃ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ መቅረት።

እንዲህ ሆና አስራ አንድ ዓመት ኖረች። ጥቁር ቀሚስ እንጂ ሌላ አትለብስም። በአውቶብስ መስመሩ ላይ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ ከነቁልፍ ያዡ ታውቀዋለች። ውሃ መጠጣት ትታ ከንፈሯ ይሰነጣጠቃል።

አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ ቅሬታ ይዛ መጣች። ወጣት ናት፣ ሐኪም ቤት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ። ሹፌሩ ሳልቀመጥ መኪናውን አስነስቶ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጭን ላይ ጣለኝ ትላለች። «ሰውዬውም ‹ተመቸሽ?› አለኝ» ስትል ጸሐፊው እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሲሚንቶ ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ አለፈችው። ነገር ግን የድሮ ፋይል ስትገልጥ አቧራው አፍንጫዋ ገባ። ልታስነጥስ ስትል እግሯን አጣመረች፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ አስነጠሰች። ማንም ልብ አላለም። ባለሙያዋ ግን ልብ አለች።

ጉዳዩ አልቆ ሁሉም ሲወጣ ባለሙያዋ ወደኋላ ቀረች። በሩን ዘጋ አደረገችና፦

«እትዬ፣ ስንት ዓመት ሆነዎት?» አለቻት።

«እዚህ ክፍል ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ክፍሉን አይደለም።»

ሲሚንቶ ፊቷን ልታኮሳትር ሞከረች። ዘጠኝ ዓመት ሹፌር ያንቀጠቀጠ ፊት ነው፤ ልጅቷ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ አውቶብስ መስመር እንደምታስረዳ ያህል፣ ታስረዳት ጀመር።

«ከዳሌ ሥር ፊኛንና ማህፀንን እንደ አንቀልባ ከታች አዝሎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ወሊድ ያላላዋል፣ ዕድሜ ያላላዋል፣ ከባድ ዕቃ፣ ድርቀትና የቆየ ሳልም ያላሉታል። ሲስቁና ሲያስነጥሱ ሆድ ፊኛውን ይጫነዋል፤ አንቀልባው ከላላ ያመልጣል። እርግማን አይደለም፣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። የላላ ጡንቻ ነው። ከብዙ ሴቶች መሐል አንዷ ነዎት።»

«የቱ ብዙ? እኔ የማውቃት አንድም የለች!»

«እነሱም እርስዎን አያውቁዎትም።»

ሲሚንቶ ወንበሯን ወደ ልጅቷ ጠጋ አደረገች።

«ውሃ ይጠጣሉ?»

«አበድኩ? እንዴት ብዬ!»

«ይጠጡ። ሲተዉት ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ሻይ ቡናውን ነው መቀነስ። ነገ ሐኪም ቤት ይምጡ።»

ሄደች። ሐኪሙ መረመራት፣ ሽንቷንም አስመረመረ፤ ኢንፌክሽን የለም፣ ስኳር የለም። ልምምዱ ካልበቃ ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት እንዳለ፣ እሱም ካልሆነ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ነገራትና ለባለሙያዋ አስረከባት። ሲሚንቶ በልቧ «ይህን ሁሉ መድኃኒት ከእኔ ደብቀው ነው?» ብላ ተናደደች። ማን ደበቀ? ደባቂዋስ እሷው።

ልምምዱ ለመናገር ያሳፍራል፣ ለመሥራት ግን ማንም አያየውም። «ሽንትና ፈስ አንድ ላይ እንደሚይዝ ሰው አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሰብስቡት» አለቻት ባለሙያዋ። «ትንፋሽዎን አይያዙ። እስከ አስር ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ፣ እስከ አስር ይረፉ። በአንድ ጊዜ አስር፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሲሸኑ ግን አይለማመዱት። ሊያስነጥስዎ ወይም ሊያስቅዎ ሲልም እግር ማጣመሩን ይተዉና ቀድመው ይህን ጡንቻ ይሰብስቡ።»

ሲሚንቶ ሞከረች። ባለሙያዋ አየቻትና «ግንባርዎን አይደለም እትዬ፣ እሱማ ድሮም ጠንካራ ነው» አለቻት።

እስከ አራት መቁጠር እንኳ አቃታት። ቢሆንም ሴትዮዋ ግትር ናት፤ ሦስት ወር ከተባለች ሦስት ወር ነው። ጠዋት አልጋ ላይ፣ ማታ ሳህን ስታጥብ ትለማመዳለች። የቀኑን ግን መቼ ትሥራው? ቀኑን ሙሉ ፊቷ ሹፌር አለ። ስለዚህ ሹፌሩ ፊት መሥራት ጀመረች።

ወይ ጉድ! ከዚህ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ሹፌሩ ይገባል፣ ይቀመጣል። ሲሚንቶ ዓይኗን ግንባሩ ላይ ትተክልና ዝም ትላለች። በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ነው፤ እሱ ይህን አያውቅም። አምስት ላይ ሹፌሩ ኮፍያውን ያወልቃል። ሰባት ላይ ያልበዋል። ዘጠኝ ላይ፦

«እሺ እትዬ! እኔ ነኝ! ምሰሶውን የገጨሁት እኔ ነኝ!»

የተጠራው ስለ ምሰሶ አልነበረም፤ ኮፍያ አጣሞ አድርጓል ተብሎ ነው። ሲሚንቶ ግን አስር ሞልቷት ጡንቻውን ስትለቅ ፊቷም አብሮ ይፈታል። «እሺ» ትላለች በለሰለሰ ድምፅ። ሹፌሮቹም ሕጉን ደረሱበት፤ ዝምታዋ ሳያልቅ የተናዘዘ ምሕረት ያገኛል። ቀድሞ የሚክዱት ሁሉ እየተሽቀዳደሙ ይናዘዙ ጀመር። አንዱ እንደውም ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሌላ ድርጅት እያለ የሰረቀውን ጎማ ተናዘዘ።

ዋናው ሥራ አስኪያጅ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት። «ባሳዩት ልዩ የምርመራ ዘዴ» ይላል ደብዳቤው፤ ሲቀጥልም «ዘዴውን ለሌሎች ቅርንጫፎች ኃላፊዎች እንዲያሠለጥኑ» ይላል። ሲሚንቶ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችውና «ዘዴው የግል ነው» ብላ መለሰች። ሥራ አስኪያጁም ትሕትናዋን አደነቀ።

በሁለተኛው ወር ማብቂያ ፎጣው ከቦርሳዋ ወጣ። በሦስተኛው ወር መዝገብ ቤት ብቻዋን ገብታ በሩን ቆለፈችና አስር ጊዜ ሳለች። ደረቅ። አቧራ አሽትታ አስነጠሰች። ደረቅ። ጫማዋን አውልቃ ዘለለች፤ አሁንም ደረቅ! ፋይሎቹ መሐል ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጫማዋን አደረገች። አሁን የቀራት ባሏ ነው።

እሁድ ምሳ ላይ ልጆቹ ከገበታ ሲነሱ ጉሮሮዋን ጠረገችና፦

«እስቲ አንድ ቀልድ ንገረኝ» አለችው።

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቀልድ ብቻ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ንገረኝ።»

ፈራ ተባ እያለ ጀመረ። «አንድ ሰውዬ በግ ይዞ አውቶብስ ሊሳፈር…» ሲል እሷ ጡንቻዋን ሰብስባ፣ ተዘጋጅታ፣ ጓጉታ ትጠብቃለች። በጣም ከመጓጓቷ የተነሳ ሳቁ ቀድሟት አመለጠ፤ «ቂ ቂ ቂ!» የሚል፣ ራሷም የማታውቀው ሳቅ።

ባሏ አያት። «ገና በጉ አልተሳፈረም እኮ» አለ።

«እ… ቀጥል።»

አልቀጠለም። ከአንገት በላይ የተሳቀለት ቀልደኛ እንዴት እንደሚያመው የሚያውቅ ያውቀዋል። «ካልወደድሽው ዝም ማለቱ ይሻላል። መቀለጃ አታድርጊኝ» አለና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ሲሚንቶ የዘጋውን በር እያየች ቀረች። አስራ አንድ ዓመት ፈርታ የኖረችው ሳቅ እንዳያመልጣት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሲፈልጉት የማይመጣ ነገር ሆኖ አረፈው።

ሰኞ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። አስራ አንድ ዓመት እዚያ ሱቅ አልረገጠችም፤ ሳቅ ያለበት ቦታ ለእሷ ገደል ነበር። ሁሉንም ልትነግረው ቆርጣለች፤ ያውራው፣ ከፈለገ ሦስቱም ወንበሮች ላይ ያውራው። በሩ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ጋ ስትደርስ ግን ድምፁን ሰምታ ቆመች። ስለ እሷ እያወራ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትታማ ኖራ ይሆን?

«የኔ ሚስት ሳቅ ታውቅ ነበር» ይላል ባሏ። «መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትንፋሿ ሲመለስ፣ በቃ! ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ እኮ ቀልድ የጀመርኩት ለእሷ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ዝምተኛ ነበርኩ ብልህ አታምነኝም።»

ወንበሩ ላይ ያለው ፊቱ በሙሉ ሳሙና የተቀባ አንድ ደንበኛ ነው። ለሰፈሩ አዲስ መሆን አለበት፤ በሀዘኔታ ራሱን ነቀነቀና «ነፍስ ይማር። ፈጣሪ ያጽናዎት ጋሼ» አለ።

ሲሚንቶ ባሏ «ኧረ በሕይወት አለች!» ይላል ብላ ጠበቀች።

«አሜን» አለ ባሏ።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«አስራ አንድ ዓመቷ።»

መጀመሪያ የመጣባት እንባ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ግን ደግሞ የሰውየውን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ያ ሁሉ አረፋ፣ ያ ሁሉ ሀዘን። ባሏ ምላጩን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ሟቿ ደግሞ በር ላይ የቢሮ ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ አንድ ቃል መናገር አልቻለችም።

«ማን ናቸው?» አለ ደንበኛው ደንግጦ።

ባሏ ቀና አለ። ፊቱ ከሳሙናው እኩል ነጣ። «ሟቿ» አለ።

ከዚህ በኋላማ ማን ይያዛት! ሦስተኛው ቤት ብቻ አይደለም፣ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ሰልፍ ሁሉ ዞሮ አየ። ጡንቻዋን ሰበሰበች፣ ያዘች፤ ሳቁ በሦስተኛው ሲመለስ ግን አንድ ሁለት ጠብታ ሾለከ። ይሹለክ! አልወጣችም። ሱቁ መሐል ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እስኪበቃት ሳቀች። ደንበኛው ግማሽ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» እያለ ወደኋላው ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ነገረችው። ሶፋውን፣ ማሰሮውን፣ ፎጣውን፣ ልምምዱን፣ ሁሉንም። ባሏ አልሳቀም።

«ለኔ አትነግሪኝም?»

«ለማን ልትነግረው?»

አፉን ከፈተ፣ ሦስቱን ወንበሮች በተራ አየ፣ አፉን ዘጋ። ከዚያ ግን ንዴቱ መጣ።

«አስራ አንድ ዓመት! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀልዴ ያስጠላሽ መስሎኝ!»

«ቀልድህማ ነው ለዚህ ያበቃኝ።»

«ታዲያ ከገበታ ብድግ ብለሽ የምትወጪው?»

«ያሳቅኸኝ ቀን ነዋ። ካላሳቅኸኝማ ለምን እነሳለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ምላጩ አሁንም እጁ ላይ ነው። ዓይኑ የትም አያይም፤ በልቡ የምሳውንም የእራቱንም ገበታ ሁሉ እየቆጠረ ነው፤ የተነሳችበትን፣ ያልተነሳችበትን።

«የአጎቴን ሰው ሠራሽ ፀጉር ንፋስ የወሰደበትን የነገርኩሽ ቀንስ?» አለ በመጨረሻ። «ሳልጨርሰው ሮጠሽ ወጣሽ። ተመልሰሽም አልመጣሽም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው እኔ ቤት ውስጥ መቀለድ የተውኩት።»

«እሱን ቀንማ» አለች ሲሚንቶ፣ የወንበሩ ክንድ ላይ አጠገቡ እየተቀመጠች፣ «ካልሲዬን ሁሉ ነው የቀየርኩት።»